ለታይሮይድና ለሌሎች የሆርሞን ሕመሞች የሚሰጥ የሥነ ምግብ ሕክምና፦ የአንድ የቪዲዮ ምክር አገልግሎት ግምገማ

ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ለታመመበት ሰው ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው፤ እምነት የሚጣልበት ግን ጥቂት ነው። አንዱ ጎመንን፣ አኩሪ አተርን፣ ወተትንና ስንዴን በአንድነት የሚከለክል ረጅም ዝርዝር ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ እጢን «ያነቃቃል» የተባለ ክኒን ይሸጣል። እኔና ታናሽ እህቴ ሁለታችንም የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ስላለብን፣ አክስታችን ደግሞ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ስላለባቸው፣ ፈቃድ ያላቸው የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከሆርሞን ሐኪሞች ጋር በመተባበር በቪዲዮ ቀጠሮ የሚሰጡትን አንድ አገልግሎት በቤተሰብ ደረጃ ስንከታተል ቆይተናል። በታይሮይድ ረገድ ያገኘነው እርዳታ በሕክምና ዘመናችን ካገኘነው ሁሉ የላቀ ነው ለማለት እደፍራለሁ። በሌሎቹ የእጢ ሕመሞች ላይ ግን ሥራቸው ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥሩ፣ አንዳንዱም ገና ብዙ የሚቀረው ነው። የአገልግሎቱ ትልቁ ብርታት ምግብ ለእነዚህ ሕመሞች ምን ሊያደርግና ምን ሊያደርግ እንደማይችል ለይቶ ማወቁና ያንንም ለታካሚው ሳይሸፋፍን መናገሩ ነው።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት የሚሞላው ቅጽ ረጅም ነው። የላቦራቶሪ ውጤቶችን ከነቀናቸውና ከነመደበኛ መጠናቸው፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ በሐኪም ያልታዘዙትን ክኒኖችና ዱቄቶች፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለውን የእጢ ሕመም፣ የእርግዝና ሐሳብ መኖር አለመኖሩን፣ የሆድ ድርቀትና የደም ማነስ ምልክቶችን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ስለ ምግብ የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው። ባለሙያዋም በቪዲዮው ላይ ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደምበላ አልነበረም፤ «እስኪ ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ መጀመሪያ ወደ አፍዎ የሚገባው ምንድን ነው? ክኒኑ ነው ወይስ ቡናው? በመካከላቸውስ ስንት ደቂቃ አለ?» የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ ተራ ይመስላል እንጂ የጉዳዩ እምብርት ነው። የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የሚባለው መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ሲሆን፣ በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ፣ አብሮት የገባው ምግብና መጠጥ፣ እንዲሁም ሌሎች ክኒኖች የሚገባውን መጠን በእጅጉ ይለዋውጡታል። የካልሲየምና የብረት ክኒኖች ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቀው እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉት በመካከላቸው የ4 ሰዓት ርቀት ያስፈልጋል። ቡና መመጠጡን ይቀንሳል፤ የአኩሪ አተር ምርቶችና በአሰር እጅግ የበለጸገ ቁርስም እንዲሁ። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው መጠኑ እንዲስተካከልለት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ወይም ከእራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት ይወሰዳል። ባለሙያዋ ለእያንዳንዳችን የቀኑን ሰዓታት በወረቀት ላይ አስምረው፣ ክኒኑን፣ ቡናውን፣ ቁርሱን፣ ለደም ማነስ የታዘዘውን የብረት ክኒንና የምሽቱን ካልሲየም በየቦታቸው አስቀመጡልን። እኔ ጠዋት ለሥራ ስለምቻኮል የመኝታ ሰዓትን መረጥኩ፤ እህቴ ምሽት ላይ ዘግይታ ስለምትመገብ የጠዋቱ ተመቻት።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የተነገረን ሌላው ቁም ነገር አዘውትሮ መውሰድ ከሰዓት ምርጫ እንደሚበልጥ ነው። አንድ ሰው በየቀኑ ክኒኑን ከቁርስ ጋር ቢውጥ እንኳ ሐኪሙ መጠኑን በዚያው ልክ ሊያስተካክልለት ይችላል፤ ዛሬ በባዶ ሆድ፣ ነገ ከወተት ጋር፣ ከነገ ወዲያ ከብረት ክኒን ጋር ለሚውጥ ሰው ግን የትኛውም መጠን ልክ ሊሆንለት አይችልም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል የሚፈጅበት በመሆኑም አንድ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ቲኤስኤች የተባለው (እጢውን የሚያዝዘውንና የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ዝቅ የሚለውን ሆርሞን የሚለካው) ምርመራ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። አገልግሎቱ ቀጣዩን ቀጠሮ የሚይዘው በዚህ ስሌት ነው። በየሳምንቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ሒሳብ ማስከፈል ሲችል ይህን አለማድረጉን አከብርለታለሁ።

በእህቴ ላይ የሆነውን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ የአገልግሎቱን ጥራት ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። የእህቴ የመጨረሻ የደም ምርመራ ቲኤስኤች ዝቅ ማለቱን፣ ቲ4 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ከፍ ማለቱን ያሳይ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ሲታይ መድኃኒቱ የበዛባት ይመስላል። እሷ ግን የልብ ትርታ መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት መጥላት የሚባሉት ምልክቶች አንድም አልነበሩባትም፤ እንዲያውም ድካሙና ብርዱ እንዳሉ ነበሩ። ባለሙያዋ «በቤት ያሉትን ክኒኖች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ካሜራው ያስጠጉልኝ፤ የሐኪም ትእዛዝ የሌላቸውንም ጭምር» አሏት። የመጀመሪያው ዕቃ የመድኃኒቱ ነበር፤ ሁለተኛው ቫይታሚን ዲ፤ ሦስተኛው ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ነበር። ባለሙያዋ ሦስተኛውን በጀርባው አዙራ እንድታሳያቸው ጠየቁና በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን ጮክ ብለው አነበቡት፦ ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮ ግራም። አንድ አዋቂ በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው።

ባዮቲን በዚህ መጠን ሲወሰድ እጢውን አይነካም፤ የሚያሳስተው የላቦራቶሪውን ማሽን ነው። ብዙዎቹ የሆርሞን መመርመሪያ ዘዴዎች ባዮቲንን ራሱን ለማያያዣነት ስለሚጠቀሙ፣ በደም ውስጥ የተትረፈረፈው ባዮቲን ቲኤስኤችን ከእውነተኛው በታች፣ የታይሮይድ ሆርሞኖቹን ቲ4ንና ቲ3ን ደግሞ ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ሊያሳያቸው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ስለዚሁ ይፋዊ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ባለሙያዋ መድኃኒቷን እንድትቀንስ ወይም እንድታቆም አላዘዟትም፤ ይህ የሐኪሟ ሥልጣን መሆኑን ገልጸው፣ በዚያው ዕለት ለሐኪሟ ደብዳቤ ጻፉ። ሐኪሟም ባዮቲኑን ካቆመች በኋላ ምርመራው እንዲደገም አዘዙ፤ የተደገመው ውጤት መድኃኒቱ በዝቶ ሳይሆን እንዲያውም አንሶ እንደነበር አሳየ። አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ክኒን ሸጦ ሳይሆን የክኒን መለያ አንብቦ ታካሚን ከተሳሳተ ሕክምና ሲያድን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አዮዲን የሰጡን ትምህርትም በጥልቀቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ቲ4 አራት የአዮዲን አቶሞች፣ ቲ3 ደግሞ ሦስት ይዘዋል። አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 250 ማይክሮ ግራም ነው። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ በእርግዝና ጊዜ በብርቱ ሲጎድል ደግሞ የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል፤ ይህም አስቀድሞ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአእምሮ ጉዳት መካከል በዓለም ዋነኛው ተብሎ የሚጠቀስ ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ አሜሪካ ደግሞ በ1924 ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ጀምረው እንቅርትን ከሕዝባቸው መካከል በእጅጉ መቀነሳቸው በሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አዮዲን ሲጎድል እጢው ይታመማል ማለት፣ የታመመ እጢ ሁሉ አዮዲን ጎድሎታል ማለት አይደለም። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አካባቢ ለታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ዋናው ምክንያት፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 የገለጹትና የሰውነት መከላከያ ራሱ እጢውን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ተጨማሪ አዮዲን ቢወስድ አይጠቀምም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ የሆነ አዮዲን እጢውን ይበልጥ ሊያዳክመው ይችላል። በእጢው ላይ እባጭ ላለበት ሌላ ሰው ደግሞ ያው አዮዲን ሆርሞኑን ከልክ በላይ እንዲመረት ሊያደርገው ይችላል። ከባሕር አረም የሚሠሩ ሰፕሊመንቶች የሚያሰጉትም ለዚህ ነው፤ እንደ አረሙ ዓይነት በአንድ ግራም ውስጥ ያለው አዮዲን ከጥቂት አሥር ማይክሮ ግራም ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል፤ ገዢው የትኛውን እንደያዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአገልግሎቱ ምክር አጭርና ግልጽ ነበር፦ በቤት የምንጠቀመው ጨው በአዮዲን የበለጸገ መሆኑን መለያውን አይቶ ማረጋገጥ፣ በተከደነ ዕቃ ከእርጥበትና ከብርሃን ማራቅ፣ ምግቡ ሊበስል ሲል መጨመር፣ መጠኑን ግን አለማብዛት። የባሕር ጨው ስለተባለ ብቻ በቂ አዮዲን አለው ማለት እንዳልሆነም አስረድተውናል።

ስለ ሴሊኒየም የተባለው ሚዛናዊ ነበር። ቲ4ን ወደ ቲ3 የሚለውጡት ኤንዛይሞች ሴሊኒየም ስለሚያስፈልጋቸው ማዕድኑ ለእጢው አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም፤ የአዋቂ የቀን ፍላጎት ግን 55 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በቀን 200 ማይክሮ ግራም የተሰጣቸው ታካሚዎች እጢውን የሚያጠቃው በደማቸው ያለ ፀረ እንግዳ አካል የቀነሰባቸው ጥናቶች አሉ፤ ታካሚው የተሻለ ጤንነት እንደሚሰማው ወይም የመድኃኒቱ መጠን እንደሚቀንስለት ግን በአስተማማኝ አልተረጋገጠም። ጥሩ ማስረጃ ያለው ለሌላ ሕመም ነው፤ በ2011 የታተመ ጥናት ከግሬቭስ በሽታ (የሰውነት መከላከያ እጢውን ሆርሞን እንዲያበዛ ከሚያደርግበት ሕመም) ጋር የሚመጣ ቀለል ያለ የዓይን ሕመም ላለባቸው ሰዎች የስድስት ወር ሴሊኒየም እንደጠቀማቸው አሳይቷል። የብራዚል ለውዝ አንድ ፍሬ ብቻ የቀኑን ፍላጎት ሊሸፍን ስለሚችል በጭብጥ እየዘገኑ መብላት አይመከርም፤ ሴሊኒየም ሲበዛ ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍርም ይሰባበራል። ሰዎች የታይሮይድ ሰፕሊመንት የሚገዙት ብዙውን ጊዜ ፀጉራቸው ስለረገፈ ነውና ይህ ሊታወቅ ይገባል።

ጎመንን በተመለከተ ፍርሃቱ ከእውነታው የበለጠ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ እጢው አዮዲን እንዳይወስድ የሚሻሙ ውህዶችን የሚያመነጩ ቢሆንም፣ አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው በተለመደው መጠን አብስሎ ቢበላቸው አይጎዱትም፤ ውህዶቹን የሚያመነጨው ኤንዛይም በሙቀት ይከሽፋልና። በ2010 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ላይ ጎመን በእርግጥ ለብርቱ የታይሮይድ ሕመም ያበቃቸው የ88 ዓመት አዛውንት ተገልጸዋል፤ እኒህ ሴት ግን በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ጥሬ የቻይና ጎመን ለወራት ሲበሉ የቆዩ ናቸው። ባለሙያዋ ይህን ታሪክ ሲነግሩን፣ ለዓመታት ጎመን ትፈራ የነበረችው እህቴ ፊቷ ላይ የታየው እፎይታ ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ተናግሯል።

ቅሬታዬን የምጀምረው በስንዴ ውስጥ ከሚገኘው ግሉተን ከሚባለው ፕሮቲን ነው። የእኔ ባለሙያ እረፍት ላይ በነበሩበት ጊዜ የተተኩት ሌላ ባለሙያ፣ ለእህቴ «ለአንድ ወር ስንዴ ተዪና ለውጡን እይ» ብለው መከሯት። ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። የሃሺሞቶ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሴሊያክ በሚባለው የግሉተን ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በተለይም ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ያልተለመደ ከፍተኛ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ወይም የማይሻል ደም ማነስ ያለባቸው ከሆኑ መመርመራቸው ተገቢ ነው። ምርመራው ግን ሰውየው ግሉተን እየበላ ካልተደረገ ሕመሙ እያለ የለም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መመርመር፣ ሕመሙ ከተገኘ ግሉተንን ጨርሶ መተው ነው፤ ካልተገኘም ለእጢው ሲባል ስንዴን ለመተው የሚያስገድድ በቂ ማስረጃ የለም። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ሲመለሱ ምክሩን አርመው ምርመራው አስቀድሞ እንዲደረግ አደረጉ። አገልግሎቱ ግን ለባለሙያዎቹ ሁሉ የጋራ መመሪያ ሊኖረው ይገባል፤ የታካሚው ዕድል በዕለቱ በስክሪኑ ላይ በሚገኘው ባለሙያ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ክብደትን በተመለከተ የነገሩን እውነት ለብዙዎች ደስ አይል ይሆናል፤ ነገር ግን ሊነገር ይገባዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ የሚያመጣው የክብደት ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ውኃና ጨው ነው እንጂ ስብ አይደለም። መድኃኒቱ ሲስተካከል ይህ ይወርዳል፤ የቀረውን እንደማንኛውም ሰው በምግብና በእንቅስቃሴ መቀነስ ያስፈልጋል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል መድኃኒቱን ከታዘዘው በላይ መውሰድ ልብንና አጥንትን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ የሚናገር የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። በተለያዩ ስሞች ለታይሮይድ ጤና የሚሸጡ ክኒኖችን በተመለከተም አንድ ጥናት አስታውሰውናል፤ በ2013 ከገበያ የተገዙ 10 ሰፕሊመንቶች ሲመረመሩ 9ኙ ቲ3፣ 5ቱ ደግሞ ቲ4 የተባሉትን እውነተኛ ሆርሞኖች ይዘው ተገኝተዋል። «ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ጉልበት አገኘሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው መድኃኒት እየወሰደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሆርሞኑ ለሚበዛባቸው ሰዎች ያዘጋጁትን ክፍል ያነበብኩት እንጂ የተጠቀምኩበት አይደለም። ሕመሙ በቁጥጥር ሥር እስኪውል ድረስ ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ስለሚጨምር በቂ ምግብና ፕሮቲን፣ አጥንት ስለሚሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንደሚያስፈልግ፣ ካፌይን የልብ ትርታን እንደሚያባብስ በአጭሩ ይገልጻል። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለሚታከሙ ሰዎች የተዘጋጀው መመሪያ ግን በጣም ጥሩ ነው። ከሕክምናው በፊት ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት የቀኑ አዮዲን ከ50 ማይክሮ ግራም በታች እንዲሆን የባሕር ምግብ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ የእንቁላል አስኳልና በአዮዲን የበለጸገ ጨው ይተዋሉ። መመሪያው አዮዲን የሌለውን ጨው መጠቀም እንደሚቻል በጉልህ ጽፏል፤ ብዙ ታካሚዎች የአዮዲን ክልከላን ከጨው ክልከላ ጋር እያምታቱ አልጫ ምግብ በመብላት ሲሰቃዩ ይታያልና ይህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ትጠቅማለች።

ወደ አክስታችን ልሂድ። በስኳር ሕመም ላይ የባለሙያዎቹ እውቀት አስተማማኝ ነው። በ2002 የታተመው ታላቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር ሕመም የተጋለጡ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ ሕመሙ የመያዙ ዕድል በ58 በመቶ መቀነሱን፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ብቻ መቀነሱን ማሳየቱን ጠቅሰው፣ ምግብ በዚህ ሕመም ላይ ያለው ኃይል በታይሮይድ ላይ ካለው እጅግ እንደሚበልጥ አስረድተዋቸዋል። ልዩነቱን መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። በብሪታንያ በተደረገ አንድ ጥናት ላይ ለወራት በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ከተመገቡት ታካሚዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች መውረዱን አክስቴ ሲሰሙ ወዲያውኑ ለመጀመር ፈልገው ነበር። ባለሙያው ግን «እማማ፣ የሚወስዱት ክኒን ስኳርዎን ከልክ በላይ ሊያወርድብዎት ስለሚችል ሐኪምዎ መጠኑን ሳይቀንሱልዎ ምግቡን አንነካም» ብለው አስቆሟቸው። ስኳር ከወረደ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት እንደሚገባም አሠለጠኗቸው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የተላከላቸው የምግብ ዕቅድ ላይ ነው። ዕቅዱ ለማንም ሊላክ የሚችል አንድ ወጥ ወረቀት ነበር፤ አክስቴ በቀጠሮው ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል የዘረዘሩት የምግብ ልማዳቸው አንዱም በውስጡ አልነበረም። ለአንድ አረጋዊት ሴት የማይበሉትንና የማይገዙትን ምግብ በግራም መዝኖ መላክ ምክር ሊባል አይችልም። ስንጽፍላቸው አሻሽለው ላኩ፤ የተሻሻለው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አቤቱታ ሳንጽፍ ሊመጣ ይገባው ነበር።

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የወር አበባን የሚያዛባ የሆርሞን ሕመም) ላለባቸው ሴቶች የተዘጋጀው ክፍል ደካማው ነው። ጽሑፉ ጥፋቱን ሁሉ በዳቦና በሩዝ ላይ ይጥላል፤ በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግን ከሌላው የሚበልጥ አንድ የተለየ የአመጋገብ ዓይነት አለመኖሩን፣ ሴትየዋ ልትዘልቅበት የምትችለው ጤናማ አመጋገብ እንደሚሻል ይናገራል። በዚህ ላይ በወፍራም ሴት ላይ የሚደርሰው ወቀሳ ቀድሞውንም ከባድ ነው፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሊያከብደው አይገባም።

ከኩላሊት በላይ ስላሉት የአድሬናል እጢዎችና ከታይሮይድ ጀርባ ሆነው ካልሲየምን ስለሚቆጣጠሩት የፓራታይሮይድ እጢዎች ያለው አጭር ቢሆንም ትክክለኛ ነው። የአዲሰን ሕመም (የአድሬናል ሆርሞን ማነስ) ያለበት ሰው ጨው በኩላሊቱ በኩል ስለሚያመልጠው፣ ለሌላው ሰው የሚሰጠውን «ጨው ቀንስ» የሚል ምክር መከተል የለበትም። ፓራታይሮይድ ሆርሞን በዝቶ ካልሲየሙ ከፍ ያለበት ሰውም ከምግቡ ካልሲየምን ጨርሶ መቀነስ የለበትም፤ እጢው ይበልጥ እንዲሠራ ያነሣሣዋልና፤ በቂ ውኃ መጠጣት ግን ይገባዋል። «የአድሬናል ድካም» ለሚባለውና በሕክምናው ዓለም እንደ ሕመም ላልታወቀው ነገር የሚሸጥ አንዳችም ዕቃ የላቸውም። በጠቅላላው አገልግሎቱ ሰፕሊመንት አይሸጥም፤ ከሚሸጡም ድርሻ እንደማይቀበል በጽሑፍ ያሳውቃል። ለእኔ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ቀጥሎ ትልቁ የመተማመኛ ምክንያት ይህ ነው፤ በአንድ እጅ ምርመራ፣ በሌላ እጅ ክኒን ይዞ የሚቀርብ ምክር ሰጪ ሲያጋጥም ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። ከቀጠሮ በኋላ የሚላከው የጽሑፍ ማጠቃለያ ይዘገያል። በቀጠሮዎች መካከል ለሚላክ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት በሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ለታይሮይድ ታካሚ ይህ አያስቸግርም፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ግን አይበቃም። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ታካሚን በተመለከተ ግን ፍጥነታቸው እንከን የለውም። የሌቮታይሮክሲን ፍላጎት በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል ሊጨምር ስለሚችል፣ እህቴ እርጉዝ መሆኗን በጻፈችላቸው ዕለት ባለሙያዋ ራሳቸው ደውለው ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሐኪሟን እንድታገኝ አደረጓት፤ እርግዝና ለያዘች ሴት የሚሰጠው ብረትና ካልሲየም ያለበት ቫይታሚንም ከታይሮይድ መድኃኒቱ በ4 ሰዓት እንዲርቅ የቀኑን ሰዓታት እንደገና አሰመሩላት።

ሌቮታይሮክሲን ለሚወስዱ፣ ምርመራቸው ከስሜታቸው ጋር ለማይስማማ፣ ለመፀነስ ለሚያስቡና ለራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለሚዘጋጁ ሰዎች አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለስኳር ሕመም የሚመጡ ሰዎች የራሳቸውን የምግብ ልማድ የያዘ ዕቅድ እንዲዘጋጅላቸው ከመጀመሪያው ቀን አጥብቀው ይጠይቁ። ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ግን ክፍሉ እስኪሻሻል ድረስ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። ለመጀመሪያው ቀጠሮ የሚዘጋጅ ሰው የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤቶቹን፣ ለሦስት ቀን የበላውንና የጠጣውን ከነሰዓቱ የያዘ ማስታወሻ፣ በቤት ያሉትንም ክኒኖችና ዱቄቶች ሁሉ ከነዕቃቸው አጠገቡ ያድርግ፤ በዝርዝር የተጻፈ ስም መጠኑን አይናገርምና።